ለዲፕሎማ ፈተና የሚሆን የፒያኖ ሶናታ፦ ከመሣሪያና ከጆሮ አንጻር



ለፒያኖ ዲፕሎማ የሚዘጋጅ ተማሪ ዘወትር የሚጠይቀኝ «ፈታኞቹን የሚያስደምመው የትኛው ሶናታ ነው?» እያለ ነው። እኔ በቅድሚያ የምጠይቀው ግን የሚለማመደው በምን መሣሪያ እንደሆነ ነው። ፈተናው ላይ የሚቀመጠው ፒያኖና ቤት ያለው ኪቦርድ አንድ አይደሉምና።

ተማሪው ቡኢ ሆኖ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አለው እንበል። ሞዛርት የጻፈለት የዘመኑ ፒያኖም ባብዛኛው 61 ቁልፍ ነበረው፤ ነገር ግን የእርሱ ከኤፍ ሲጀምር የእኛ ከሲ ይጀምራል። ስለዚህ ከታች 7 ቁልፎች ይጎድላሉ። ይህስ ይቻላል፤ የሚብሰው የቁልፉ ክብደት ነው። ብዙዎች የሚመኙት የቤትሆቨን «ፓቴቲክ»፣ በ1799 የታተመው ኦፐስ 13፣ በመጀመሪያ ክፍሉ የግራ እጅ ኦክታቮችን ያለ ዕረፍት ያንቀጠቅጣል። በቀላል ቁልፍ ላይ ጨዋታ ይመስላል፤ በእውነተኛው ፒያኖ ላይ ክንድ ይደነድናል። አዲስ አበባ ሄዶ በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንኳ ፒያኖ ላይ የማይቀመጥ ተማሪ ይህን ሥራ ባይመርጥ እመክራለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጆሮ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ላየው እወዳለሁ። በሜጀር ትዝታ ቅኝት ውስጥ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የሉም። ሶናታ ግን የሚንቀሳቀሰው በእነዚሁ በሁለቱ ነው። ከሲ ሜጀር ወደ ጂ ሜጀር ሲሻገር አራተኛው ድምፅ ኤፍ ወደ ኤፍ ሻርፕ ይለወጣል፤ ይህም የአዲሱ ቤት ሰባተኛ ድምፅ ሆኖ ወደ ጂ ይስባል። በትዝታ ያደገ ጆሮ ኖታውን በትክክል እያስመታ ስበቱን ላይሰማው ይችላል። ፈታኝም ይህን ወዲያው ይለያል። መፍትሔው የባሱን መስመር ብቻውን እየዘፈኑ ሽግግሩን መፈለግ ነው። ለዚህ ሲባል ሽግግሩ ግልጽ የሆነ ሶናታ ይመረጣል።

እኔ የማዘነብለው በ1784 ወደታተመው የሞዛርት ኤፍ ሜጀር ሶናታ፣ ኬ 332 ነው። ፈጣን መጨረሻው ጣትን ይፈትናል፤ ክንድን ግን አይጨርስም። ዘገምተኛው ክፍል ደግሞ ለእኛ ልጆች ልዩ ጥቅም አለው፤ ዜማው ሲመለስ በመጀመሪያው እትም ላይ በጌጥ ኖታዎች ተሸልሞ ታትሟል። ዜማን እያስዋቡ መድገም ከአዝማሪዎቻችን የምናውቀው ጥበብ ነው። ሆኖም ጌጡ ከዋናው ዜማ ቀድሞ መጠናት የለበትም፤ መጀመሪያ ያልተሸለመው ዜማ በአንድ ትንፋሽ ይዘፈን፣ ከዚያ በቀኝ እጅ ብቻ ይመታ፣ ጌጡ የሚገባው ግራ እጅ ሳይናወጥ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው።