ሚሞሪ ሲሞላ፣ ሲስተም ሲጠፋ፦ የኮምፒውተር ቃላት በጀጎል

ኮምፒውተር ቁጥር ተቀብሎ፣ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት አስልቶ፣ ውጤቱን መልሶ በቁጥር የሚያወጣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ፊደልም፣ ፎቶም፣ ድምፅም ወደ ውስጡ የሚገባው ቁጥር ሆኖ ነው። በሐረር ሸዋ በር አካባቢ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገብቶ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ መታወቂያ ስካን የሚያስደርግ ወይም ከፍላሽ የሚያስወጣው ወረቀት ያለው ሰው የሚሰማቸው ቃላት አብዛኞቹ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫሉ። እሱን የያዘ ሰው ሲበላሽበት ምን እንደተበላሸ ይገባዋል፤ ሲያስጠግንም ለምን እንደሚከፍል ያውቃል።

በእጅ የሚዳሰሰው ሁሉ ሃርድዌር ይባላል፦ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ ፕሪንተሩ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰሌዳ። ሥራውን የሚመራው የትእዛዝ ስብስብ ደግሞ ሶፍትዌር ነው። መኪና ግርግር በተባለው የሐረር መንገድ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች አንዱን ብናይ፣ መኪናው ያው ሆኖ ልኩና ቅዱ ሲለወጥ ሌላ ልብስ ይወጣል፤ መኪናው ሃርድዌር፣ ቅዱ ሶፍትዌር መሆኑ ነው። ከሶፍትዌሮች ሁሉ ቀድሞ የሚነሣውና ሌሎቹን የሚያስተዳድረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል፤ በኮምፒውተር ዊንዶውስ፣ በስልክ አንድሮይድ በብዛት የሚታወቁት ናቸው። ስሌቱን የሚሠራው ክፍል ፕሮሰሰር ነው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ሚሞሪ የሚለውን ቃል ነው። «ስልኬ ሚሞሪ ሞላ» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ማስቀመጫው ነው፤ ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ ሙዚቃው የሚቀመጥበት ስፍራ። ይህ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ያስቀመጠውን አይለቅም። ራም የሚባለው ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩ በዚያች ደቂቃ የሚሠራበትን ብቻ የሚይዝ፣ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ የሚሆን ጊዜያዊ ማኅደር ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሴቭ ያልተደረገው ገጽ የሚጠፋው ራም ላይ ብቻ ስለነበረ ነው። ሴቭ ማድረግ ማለት ከራሙ ወደ ማስቀመጫው መገልበጥ ነው። ብዙ ፕሮግራም ተከፍቶ ኮምፒውተሩ ስታክ ሲያደርግ ፎቶ ማጥፋት እምብዛም አይረዳም፤ የጠበበው ራሙ ስለሆነ የተከፈቱትን መዝጋት ይሻላል።

መጠን የሚለካው በባይት ነው። ትንሿ የቁጥር ቅንጣት ቢት ትባላለች፤ 0 ወይም 1 ብቻ ትይዛለች። 8 ቢት አንድ ባይት ነው። ሺህ ባይት ኪሎባይት፣ ሚሊዮኑ ሜጋባይት፣ ቢሊዮኑ ጊጋባይት፣ ትሪሊዮኑ ቴራባይት ይባላል። 32 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ወደ 29.8 የሚያሳየው ሻጩ ስላጭበረበረ ላይሆን ይችላል። አምራቹ በ1000 እያባዛ ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 እያባዛ ይቆጥራል፤ ልዩነቱ ከአቆጣጠሩ የመጣ ነው። ከዚያ እጅግ ያነሰ ካሳየ ግን ዕቃው መመርመር አለበት።

የፊደል ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በሐረር ደግሞ በይበልጥ። በከተማዋ አማርኛና ሐረሪ በግዕዝ ፊደል፣ ኦሮምኛ በላቲን ይጻፋሉ፤ የጥንት የሐረር መጻሕፍት ደግሞ በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ ናቸው። ኮምፒውተር ፊደልን በቅርጹ አያውቀውም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠ ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለ ሥርዓት 128 ቁጥሮች ብቻ ስለነበሩት ከእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች የሚተርፍ ቦታ አልነበረውም። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ ግዕዝን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ዕትሙ ነው። በዚያ መዝገብ ሀ ቁጥሯ 4608፣ ሐ 4624፣ ረ 4648፣ ር 4653 ነው።

ከዚህ የሚከተለው በየመሥሪያ ቤቱ የሚታይ ችግር ነው። «ሐረር» ተብሎ የተመዘገበ ሰነድ «ሀረር» ተብሎ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል፤ ለአንባቢ አንድ የሆኑት ስሞች ለማሽኑ 4624 እና 4608 የሚጀምሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ሰላም እና ሠላም፣ ፀሐይ እና ጸሐይም እንዲሁ ናቸው። ይህን አስቦ የተሠራ ሶፍትዌር ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ ይፈልጋል፤ ያላሰበበት ግን ባለጉዳዩን «ስምህ የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ «የለም» የተባለ ሰው መዝጋቢውን በሌላው ሀ፣ በሌላው ሰ እንዲሞክር መጠየቁ መብቱ ነው፤ የሚፈጀውም ግማሽ ደቂቃ ነው።

ፎንት ሌላ ነገር ነው። ዩኒኮድ ቁጥሩን ሲወስን ፎንት የዚያን ቁጥር መልክ ይሥላል። ከፍላሽ የተከፈተ ጽሑፍ በፊደል ፋንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ብቻ ካሳየ፣ ቁጥሩ ደኅና ነው፤ የጠፋው መልኩን የሚሥለው ፎንት ነው። ተስማሚ ፎንት ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ ስለመጣ ይህ ችግር ቀንሷል። በአማርኛ ፋንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ከተዝረከረከ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ሶፍትዌሮች፣ የግዕዝ ፊደላት የራሳቸው ቁጥር ስላልነበራቸው፣ መልካቸውን በላቲን ቁጥሮች ላይ ይደርቡ ነበር፤ ከ300 በላይ ቅርጽ 256 በማይሞላ ቦታ አልበቃ ሲል በሁለትና በሦስት ፎንት እየከፋፈሉ አኖሩት። ያ ጽሑፍ የሚነበበው የተጻፈበት ፎንት ሲገኝ ወይም ወደ ዩኒኮድ ሲለወጥ ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የመጽሐፍ ረቂቆች በዚህ ሰበብ ዛሬም በየማስቀመጫው ተዘግተው አሉ፤ መለወጫው ሳይጠፋ መለወጥ ይገባቸዋል።

ዓረብኛ ከአማርኛ ጋር በአንድ መስመር ሲገባ ደግሞ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ ይነበባል። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም በንባባቸው ቅደም ተከተል ያስቀምጥና ሲያሳይ አቅጣጫቸውን ይለያል። ቅንፍና ነጥብ የራሳቸው አቅጣጫ ስለሌላቸው ከአጠገባቸው ያለውን ይከተላሉ፤ በመስመሩ መጨረሻ የተጻፈው ቅንፍ ዘሎ መጀመሪያ ላይ የሚታየው ለዚህ ነው።

ሥዕልና ፎቶ ወደ ቁጥር የሚለወጡት ፒክስል በተባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። በአብዱላሂ ሸሪፍ ተቋቁሞ በጀጎል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ የሚገኘው ሙዚየም የሐረር የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችንና የድምፅ ቅጂዎችን ይዟል። ከእንደዚህ ዓይነት መጽሐፍ አንድ ኤፎር የሚያክል ገጽ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ኢንች 300 ነጥብ፣ ስካን ቢደረግ 2480 በ3508፣ ወደ 8.7 ሚሊዮን ፒክስል ይወጣል። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀለሙ 3 ባይት ስለሚወስድ ገጹ ብቻውን ወደ 26 ሜጋባይት ይደርሳል። ጄፔግ የተባለው አቀማመጥ ዓይን እምብዛም የማይለየውን እየጣለ ወደ ጥቂት ሜጋባይት ያወርደዋል፤ የጣለውን ግን አይመልስም። ቲፍ ሁሉንም ሊይዝ ይችላል፤ ለቅርስ የሚመረጠው እሱ ነው። ፒዲኤፍ ብዙ ገጾችን በአንድ ፋይል ጠርዞ በየትኛውም ኮምፒውተር መልኩ ሳይዛባ እንዲከፈት ያደርጋል። ድምፅም እንዲሁ ይቆረጣል፤ በሲዲ ጥራት በሰከንድ 44,100 ጊዜ ስለሚለካ አንድ ደቂቃ ወደ 10.6 ሜጋባይት ይወስዳል።

ስካን የተደረገ ጽሑፍ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ቃል ሊፈለግበት ወይም ሊታረም የሚችለው ኦሲአር የተባለ ሶፍትዌር የፊደሉን ቅርጽ አይቶ ወደ ዩኒኮድ ቁጥር ሲለውጠው ነው። ኦሲአር በታተመ ጽሑፍ ላይ ይቀናዋል፤ በእጅ ጽሑፍ ላይ ብዙ ይስታል።

በአንድ ስም የተቀመጠ የቁጥር ክምችት ፋይል ይባላል፤ ፎልደር ፋይሎች የሚሰበሰቡበት ነው። ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጣው ቅጥያ የፋይሉን ዓይነት ይናገራል። ቫይረስ ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሻገር ሶፍትዌር ነው፤ ፍላሽ በየኮፒ ቤቱ ስለሚዞር ዋነኛ መሻገሪያው ሆኗል። በብዛት የሚያጋጥመው ፎልደሮቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት፣ ማለትም ሲጫኑት ሌላ ፋይል የሚከፍት ምልክት፣ የሚተካው ነው። ባለቤቱ ሁሉ ጠፋ ብሎ ፍላሹን ፎርማት አስደርጎ ባዶ ያደርገዋል፤ ፋይሎቹ ግን ብዙ ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ሾርትከቱን ሳይጫኑ በአንቲቫይረስ ማጽዳት፣ ከዚያ የተደበቁትን ማስወጣት ይቀድማል።

በባንክና በመሥሪያ ቤት የሚሰማው «ሲስተም የለም» ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ኔትወርክ ነው። የደንበኛው ሒሳብ የሚቀመጠው በመስኮቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በሌላ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨር ጥያቄ እየተቀበለ ለብዙዎች የሚመልስ ኮምፒውተር ነው። መስመሩ ከተቋረጠ መረጃው አለ፤ መድረሻው ግን የለም። ሐረር ከአዲስ አበባ ጋር በሽቦ የተገናኘችው ቀደም ብላ ነው፤ የኢትዮጵያ የስልክ ታሪክ የሚጀምረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር አዲስ አበባ ሊዘረጋ በተጀመረው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። የዓለም ኔትወርኮች ተያይዘው የፈጠሩት ትልቁ ኔትወርክ ኢንተርኔት ነው። ዋይፋይ ከአጠገብ ካለው መሣሪያ ጋር ያለ ሽቦ የሚያገናኝ ብቻ ነው፤ ዋይፋዩ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። ብራውዘር ገጾችን ከሰርቨር አምጥቶ የሚያሳይ ፕሮግራም፣ ክላውድ ደግሞ በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ የተከራዩት ማስቀመጫ ነው።

ፓስወርድ ባለቤቱን የሚለይ ምሥጢር ነው። በስልክ መልእክት የሚመጣው ኦቲፒ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሁለተኛ ምሥጢር ሲሆን፣ ዓላማው ፓስወርዱ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው እንዳይገባ ነው። ደውሎ «የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ሰው፣ የባንክ ወይም የቴሌ ሠራተኛ ነኝ ቢልም፣ ሊገባ የቀረችውን በር እየጠየቀ ነው። ቁጥሩ ለማንም አይነገርም።

ባክአፕ ከዋናው የተለየ ቅጂ ነው። በዚያው ኮምፒውተር በሌላ ፎልደር የተገለበጠ ፋይል ባክአፕ አይባልም፤ ኮምፒውተሩ ሲቃጠል ወይም ሲሰረቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የተለመደው ሥርዓት ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው፦ አንዱ በኮምፒውተሩ፣ አንዱ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ በክላውድ ወይም በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት። ፍላሽ ለማጓጓዣ እንጂ ለረጅም ዘመን ማስቀመጫ አይታመንም። ቅጂዎቹ በየጊዜው ተከፍተው መነበባቸው ይረጋገጣል፤ መከፈት እንቢ ያለው ቅጂም ከቀሩት ከአንዱ እንደገና ይገለበጣል።