ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት፤ ስለ አሮጌ ኮምቢ የማርሽ ዘንግ ቡሺንግ

ወደ መስክ ለሥራ የሚወጣ ሠራተኛ ስለ መንገዱ ሁኔታ፣ ስለ ነዳጁና ስለ ትርፍ ጎማው አስቀድሞ መጠየቁ የተለመደ ነው። የማርሽ እጀታው ከካምቢዮው ጋር በምን እንደሚገናኝ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። በአሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢ ላይ የዚህ ግንኙነት መላላት መኪናውን መንገድ ላይ ከማስቀረት አልፎ የተሳፋሪዎችን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ሲሆን፣ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። የጥገና ወጪ የሚፈቅዱ ኃላፊዎችም ሆኑ በመኪናው የሚገለገሉ ባልደረቦች ነገሩን ከሥሩ ይረዱት ዘንድ ይህ ጽሑፍ ቀርቧል።

የጽሑፉ አዘጋጅ ጉዳዩን የተማረው በመንገድ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አሮጌ ኮምቢ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስንጓዝ፣ ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደውን ቁልቁለት ጀመርን። ሹፌሩ ከሦስተኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ለመመለስ እጀታውን ቢስብ፣ እጀታው በእጁ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል እንጂ ማርሹን ሊያገኘው አልቻለም። ሦስተኛውም ወጥቷል። ሞተሩ መኪናውን መያዙን ስለ ተወ ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ወደቀ። ከጥቂት ኩርባዎች በኋላ የጋለ ፍሬን ሽታ ውስጥ ድረስ ገባ፤ ወሬው ሁሉ ቆመ። ሹፌሩ ልምድ ያለው ሰው ስለ ነበረ መኪናውን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ ከቦዩ ውስጥ አገባውና አቆመው። ማንም አልተጎዳም።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ግን ይበልጥ የሚያስቆጭ ነው። ኮምቢው ወደ አንድ ጋራዥ ተላከ። ካምቢዮው ወርዶ ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተገጠመ፤ ሒሳቡም ተከፈለ። እጀታው ግን እንደ ቀድሞው መወዛወዙን ቀጠለ። በመጨረሻ አንድ አረጋዊ መካኒክ ካርቶን አንጥፈው ከመኪናው ሥር ተኙ፤ ረዳታቸው እጀታውን ወዲያና ወዲህ እንዲያንቀሳቅስ አዘዙና ጥቂት ተመልክተው በጣቶቻቸው መካከል የፕላስቲክ ስብርባሪ ይዘው ወጡ። «ካምቢዮው ምን አደረጋችሁ?» ነበር ያሉት።

የኮምቢው አሠራር ለዚህ ዓይነት ብልሽት የተጋለጠበት ምክንያት ከመኪናው ቅርጽ ይመነጫል። ኮምቢ እ.ኤ.አ. በ1950 በጀርመን አገር በዎልፍስበርግ መሠራት ጀመረ፤ በ1956 ሥራው ወደ ሃኖቨር ፋብሪካ ተዛወረ። የፊት መስተዋቱ አንድ ወጥ የሆነው ሁለተኛው ትውልድ በ1967 ወጥቶ በጀርመን እስከ 1979፣ በብራዚል ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተሻሻለ እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ ተመርቷል። ይህን ያህል ለረጅም ጊዜ በመሠራቱም መለዋወጫው ከገበያ ሳይጠፋ ቆይቷል። በእነዚህ መኪናዎች ሁሉ ሹፌሩ የሚቀመጠው በፊት ጎማዎች ላይ ሲሆን ሞተሩና ካምቢዮው ያሉት ከኋላ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2.40 ሜትር ነው። በመሆኑም የሹፌሩ እጅ የሚያዘውን ወደ ካምቢዮው የሚያደርሰው ከወለሉ ሥር የተዘረጋ ረጅም ዘንግ ነው።

ይህ ዘንግ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ሹፌሩ እጀታውን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሲገፋ ዘንጉ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ በዚህም የአንደኛና የሁለተኛ፣ የሦስተኛና የአራተኛ ወይም የኋላ ማርሽ መስመር ይመረጣል። እጀታውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲያንቀሳቅስ ደግሞ ዘንጉ ይንሸራተትና ከተመረጠው መስመር ውስጥ አንዱ ማርሽ ይገባል። ዘንጉ እንደ ልቡ እንዲሽከረከርና እንዲንሸራተት፣ ነገር ግን ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይዘል የሚይዘው ቀለበት ቡሺንግ ይባላል። ከእጀታው አጠገብ ዘንጉን የሚደግፍ ቡሺንግ ይገኛል፤ ከኋላም ዘንጉ ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ የፕላስቲክና የጎማ ክፍሎች አሉ። ቁጥራቸውና ቅርጻቸው እንደ መኪናው የሥሪት ዓመት ስለሚለያይ ዕቃው ሲታዘዝ የሻንሲውን ቁጥር ይዞ መሄድ ይገባል። ለትንሿ ቮልስዋገን የተሠራው ቡሺንግ ይመሳሰላል ተብሎ ለኮምቢ መግዛት ትርፉ ሁለተኛ ጉዞ ነው።

ቡሺንጉ የሚያልቀው በመታሸት ብቻ አይደለም። ዕድሜ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ፕላስቲክም ይሰነጠቃል። አቧራ መከላከያው ጎማ ሲቀደድ ደግሞ የጠጠር መንገድ ብናኝ ከግራሶው ጋር ተደባልቆ እንደ ሞረድ ይሆንና ቀለበቱንም ዘንጉንም ይበላቸዋል። በቀለበቱና በዘንጉ መካከል የሚፈጠረው ክፍተት በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ የማርሽ እጀታ ሚዛን ላይ እንደ ተቀመጠ ምሳር ነው። ለምሳሌ ከመዞሪያው በላይ ያለው ክንድ ከበታቹ ካለው ስድስት እጥፍ ይረዝማል ብንል፣ ከታች የተፈጠረ 2 ሚሊ ሜትር ልቅነት በሹፌሩ መዳፍ ሥር 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእጁ እንቅስቃሴ ከፊሉ ይህን ክፍተት በመሙላት ስለሚባክን ዘንጉ የሚፈለገውን ያህል ሳይሽከረከር ይቀራል። ሁለተኛ የፈለገ ሹፌር አራተኛን ያገኛል፤ ወይም እኛ እንዳጋጠመን ምንም አያገኝም።

እንግዲህ የጥገና ወረቀት ለፊርማ የሚቀርብለት ኃላፊ «ካምቢዮው ይውረድ» የሚል ሐሳብ ሲያነብ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ ያለ ችግር የሚገቡ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን የሚጮሁና እምቢ የሚሉ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮኑ ነው፤ በኮምቢ ላይ ፍሪሲዮን የሚሠራው በገመድ ስለሆነ የገመዱ መላላት ብቻውን ይህን ሊያመጣ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶም እጀታው የሚዋልልና መስመሩን የሚስት ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ዘንጉና ወደ ቡሺንጎቹ ይዞራል። እጀታው ጥብቅ ሆኖ፣ ማርሹም በትክክል ገብቶ፣ በጉዞ ላይ በጭነት ጊዜ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ግን የካምቢዮው ጉዳይ መታየቱ ተገቢ ነው። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ እጀታውን ሲያንቀሳቅስ ሌላው ከሥር ሆኖ ዘንጉ ከመንሸራተቱ በፊት የት ላይ እንደሚዘል ያያል።

ከመኪናው ሥር ለሚተኛው ሰው ሕይወት መጠንቀቅ የሥራው መጀመሪያ ነው። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ ጎማዎቹ በጠንካራ ታኮ ይያዙ፤ ክሪክ መኪናውን ለማንሳት እንጂ አንስቶ ለማቆየት ስላልተሠራ አስተማማኝ መቆሚያ ይግባለት። ድንጋይ ደርድሮ ከሥሩ የሚገባ ሰው ሲታይ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ እጀታውን ከወለሉ ጋር የሚያያዙት ሁለት ብሎኖች ይፈታሉ። ከመፈታታቸው በፊት የመቀመጫው ዙሪያ በጠመኔ ወይም በሚስማር ጫፍ ምልክት ይደረግበት። ከእጀታው ሥር የሚገኘው ማገጃ ላሜራ በየትኛው ፊቱ ወደ ላይ፣ በየትኛው ወደ ፊት እንደ ነበረ ይታወስ፤ ይህ ላሜራ ሹፌሩ ሳያስበው ወደ ኋላ ማርሽ እንዳይገባ የሚከለክል በመሆኑ ተገልብጦ ከተገጠመ የሥራው ፍጻሜ ከመነሻው የከፋ ይሆናል። ከሥር ያለው መሸፈኛ ላሜራ ይወርዳል፤ ማያያዣው ከመላቀቁ በፊትም በዘንጉና በማያያዣው ላይ አንድ ቀጥታ መስመር ይሠመራል። የማያያዣው ብሎን እንዳይፈታ በሽቦ የታሰረ ከሆነ ሽቦው ሲመለስ በአዲስ ይተካ። ዘንጉ ሲወጣ አሮጌው ቡሺንግ አብሮ ላይወጣ ይችላል፤ ስብርባሪው እስከ መጨረሻው ተለቅሞ ቦታው በነጭ ጋዝ ይታጠብ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ዘንጉን ራሱን መመርመር ነው። ቡሺንጉ በነበረበት ቦታ ዘንጉ ተበልቶ ጎድጉዶ ከተገኘ፣ ወይም የሻከረ ዝገት ካለበት፣ አዲሱ ቡሺንግ ዕድሜ አይኖረውም። ቀላል ሻካራነት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ የጎደጎደ ግን መለወጥ ወይም በባለሙያ መሞላት አለበት። አዲሱን ቡሺንግ በመዶሻ እየመቱ ማስገባት ይሰነጥቀዋል። ለጥቂት ደቂቃ በሙቅ ውሃ ውስጥ ቢቆይ ይለሰልስና በጣት ግፊት ቦታውን ይይዛል። ከዚያ ውስጡ በግራሶ ይቀባል፤ ዘንጉም በቀስታ እየተሽከረከረ ይገባል። የተቀደደ አቧራ መከላከያ ካለ በዚሁ ጊዜ ይለወጥ። የኋላው ማያያዣ ፕላስቲክ ወይም ጎማም እንዲሁ ነው፤ የፊቱን ብቻ ለውጦ የኋላውን መተው ልቅነቱን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው።

ዕቃው በሌለበት ጊዜ ቆዳ መጠቅለል፣ ከመነዳሪ ቁራጭ ቀለበት መቁረጥ ወይም በቶርኖ ቤት ከነሐስ ማስወጣት የተለመደ ነው። ቆዳውና መነዳሪው መኪናውን እስከ ከተማ ለማድረስ ቢጠቅሙ አልነቅፍም፤ ዘንጉን ስለሚይዙት ግን ማርሹ ይከብዳል፤ ቶሎም ይበላሻሉ። ነሐሱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የሞተሩን መንቀጥቀጥ ወደ እጀታው ያመጣል፤ ግራሶ ባጣ ጊዜም በርካሹ ቀለበት ፈንታ ውዱ ዘንግ እንዲበላ ያደርጋል። በእኔ አስተያየት በመደርደሪያ ላይ ሁለት ትርፍ ቡሺንግ ማስቀመጥ ከሁሉም ይሻላል።

ገጠማው በምልክቶቹ መሠረት ከተፈጸመ በኋላ ማስተካከል ይቀራል። የእጀታው መቀመጫ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ስለሚል፣ ብሎኖቹ ሳይጠብቁ ማርሾቹ አንድ በአንድ እየገቡ ይሞከሩ፤ አራቱም ያለ ግፊያ በገቡበት ቦታ ይጠበቅ። የኋላ ማርሽ የሚገባው እጀታው ወደ ታች ተጭኖ ወደ ግራና ወደ ኋላ ሲሳብ ነው። ሳይጫኑት ወደ ኋላ ማርሽ የሚገባ ከሆነ ማገጃው ላሜራ በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነውና መኪናው ከግቢ መውጣት የለበትም። ሙከራው በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀጥሎ ሞተሩ ተነስቶ፣ በመጨረሻም በሜዳ መንገድ ላይ ይካሄድ፤ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መመለስ ደጋግሞ ይፈተሽ። ከመጀመሪያው የመስክ ጉዞ መልስ የመቀመጫውና የማያያዣው ብሎኖች እንደገና ይታዩ፤ ቡሺንጉ የተለወጠበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ ንባብ በመኪናው መዝገብ ላይ ይስፈር።