ባትሪ ከመግዛታችን በፊት እንለካ

በብዙ አጥቢያዎችና ወረዳ ቤተ ክህነቶች ያለው ተሽከርካሪ አንድ ብቻ ነው። ችግኝና የዘር እህል የሚጓጓዘው፣ ሰባክያነ ወንጌል ወደ ገጠር የሚወጡት፣ በጭንቅ ጊዜም ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በእርሱ ነው። ስለዚህ አንድ ማለዳ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ አልነሣ ሲል የሚቆመው መኪናው ብቻ ሳይሆን የዕለቱ አገልግሎት ጭምር ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኮሚቴዎች ተቻኩለው የሚደርሱበት ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ባትሪ መግዛት ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲሱም ሲደክም ጥርጣሬው ወደ ሹፌሩ ወይም ወደ ሻጩ ይዞራል። የምእመናን አሥራትና ስእለት ይባክናል፤ በአገልጋዮች መካከልም ቅሬታ ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፣ የባትሪ መድከም ብዙ ጊዜ የሕመሙ ምልክት እንጂ ሕመሙ ራሱ አለመሆኑን፣ ምክንያቱንም በአንዲት አነስተኛ መለኪያ በግቢያችን ሆነን ለመለየት መቻላችንን ነው።

የችግሩ ሦስት ምንጮች

ባትሪ እንደ ጎተራ ነው። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ከዚህ ጎተራ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ያወጣል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በቺንጋ የሚዞረው ዲናሞ መብራቱንና ሌላውን ሁሉ እየመገበ የወጣውን ለባትሪው ይመልሳል። ጎተራ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ ጎተራው አርጅቷል፣ ወይ ምርት አልገባበትም፣ ወይም ሌሊት አይጥ ይበላዋል። በመኪናም እንዲሁ ነው፤ ባትሪው አርጅቷል፣ ዲናሞው አይሞላም፣ ወይም መኪናው ቆሞ ሳለ ኃይል የሚስብ ነገር አለ። ሦስተኛው ወይም ሁለተኛው ምክንያት ሳይወገድ አዲስ ባትሪ መግዛት እህልን አይጥ ላለበት ጎተራ እንደ መስጠት ነው።

አስቀድሞ በዐይን

ኮፈኑን ከፍተን የባትሪውን ራሶች እንመልከት። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ፣ ማያያዣውም በእጅ ሲነካ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ጤነኛ ባትሪም ኃይሉን ማስተላለፍ አይችልም። ለማጽዳት መጀመሪያ የኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ገመድ መፍታት፣ ሲመለስ ደግሞ ፖዘቲቩን ማስቀደም ይገባል። በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ዱቄቱን ያስለቅቃል፤ ወደ ባትሪው ውስጥ ግን እንዳይገባ ክዳኖቹ በሚገባ ይዘጉ። ውሃው የሚሞላ ባትሪ ከሆነ ለባትሪ የተዘጋጀ የተጣራ ውሃ እንጂ የቧንቧም ሆነ የምንጭ ውሃ አይጨመርበትም። ቺንጋው አለመላላቱንና አለመሰንጠቁንም እንይ። ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚወጣው በጨለማ ጧፍ ወይም ክብሪት አብርቶ ማየት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ሦስቱ ልኬቶች

መልቲሜትር የተባለውን መለኪያ በቀጥታ ዥረት ቮልት 20 ላይ አድርገን ቀዩን በፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቭ ራስ ላይ እናሳርፋለን።

የመጀመሪያው ልኬት የሚወሰደው መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። 12.6 ቮልት ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ደግሞ ግማሽ ያህል መቅረቱን ያመለክታል። ከ12 በታች ከሆነ ኃይሉ ተሟጧል፤ ለምን እንደተሟጠጠ ግን ይህ ልኬት ብቻውን አይነግረንም።

ሁለተኛው ልኬት ባትሪው በሚገባ ተሞልቶ ሳለ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ይወሰዳል። ሞተሪኖው በሚዞርበት ቅጽበት ቁጥሩ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ብለን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለን። ቁጥሩ ከ12 ብዙም ሳይርቅ ሞተሪኖው ካልዞረ ግን ባትሪው በደል የለበትም፤ ችግሩ በገመዱ፣ በማያያዣው ወይም በሞተሪኖው በኩል ይፈለግ።

ሦስተኛው ልኬት ሞተሩ ተነሥቶ ነው። ዲናሞው የሚሠራ ከሆነ ከ13.8 እስከ 14.5 ያህል ይነበባል፤ የፊት መብራት ሲበራም ብዙ አይወርድም። ቁጥሩ 12 አካባቢ ቆሞ እየቀነሰ ከሄደ ዲናሞው አይሞላም ማለት ነው፤ አዲስ ባትሪ ብንገዛም ያልቃል። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ የዲናሞው መቆጣጠሪያ ስለተበላሸ ባትሪውን ያፈላዋል፤ አምፖሎችንም ያቃጥላል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተር የሙሌቱን መጠን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ ልኬቱን መደጋገም ያስፈልጋል። ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ 24 ቮልት በሚሠራ መኪና ቁጥሮቹ ሁሉ እጥፍ ይሆናሉ።

አንዳንዶች ዲናሞን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ይነቅላሉ። ይህ ልማድ ዲናሞውንና ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል የሚችል ስለሆነ በግቢያችን እንዲደረግ አንፍቀድ።

ሌሊት የሚፈሰው ኃይል

ሦስቱም ልኬቶች ደኅና ሆነው መኪናው ቆሞ ሲያድር ከደከመ የሚስብ ነገር አለ ማለት ነው። ቁልፉን አውጥተንና በሮቹን ዘግተን፣ የመለኪያውን ቀይ ገመድ በ10 አምፔር ቀዳዳ እንሰካለን። የኔጌቲቩን ገመድ ከባትሪው ፈትተን መለኪያውን በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል እናገናኛለን፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም እንታገሣለን። በዚህ ጊዜ ሞተር ማስነሣት መለኪያውን ያቃጥላል። ከ0.05 አምፔር በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። ከዚያ ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልን ቁጥሩ የሚወርድበትን መስመር እንለያለን።

በአጥቢያ መኪኖች ላይ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ለስብከትና ለንግሥ የሚገጠመው የድምፅ ማጉያ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከባትሪው ስለሚያያዝ ቁልፍ ቢወጣም አይጠፋም። 0.5 አምፔር ብቻ ቢስብ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። መኪናው በሰሙነ ሕማማት አምስት ቀን ቢቆም 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ሙሉ ባትሪ በትንሣኤ ዋዜማ ባዶ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ ባትሪ ሳይሆን በማጉያው መስመር ላይ ፊውዝና ማጥፊያ ማስገባት ነው።

የኮሚቴው ድርሻ

ሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንመክራለን። አንደኛ፣ አንድ መልቲሜትር በንብረት ክፍል ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ በመኪናው መዝገብ ላይ ባትሪው የተገዛበት ቀንና በየወሩ የሚወሰዱት ልኬቶች ይጻፉ። ሦስተኛ፣ ሦስቱ ቁጥሮች በቃለ ጉባኤ ሳይሰፍሩ የባትሪም ሆነ የዲናሞ ግዢ አይፈቀድ። ወደ ጋራዥ በሚሄድበት ጊዜም ቁጥሮቹ አብረው ይሂዱ፤ ባለሙያው ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፣ ኮሚቴውም የተጠየቀውን ክፍያ ይመዝናል።

የተቃጠለ ሽታ፣ የጋለ ገመድ ወይም ከ15 ቮልት በላይ ንባብ ሲኖር ራሳችን ሳንነካው ለባለሙያ እንስጥ። በመንገድ ላይ የባትሪው ቀይ መብራት በርቶ የሙቀት መለኪያው ከጨመረ ወዲያውኑ መቆም ይገባል፤ በብዙ መኪኖች ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ስለሚያዞር ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል።

እነዚህ ቁጥሮች ገንዘብ ከማዳናቸው በላይ ሰውን ከሐሜት ያድናሉ። ሌሊት መብራት ሳያጠፋ ቀረ ተብሎ የሚወቀሰው ሹፌር፣ የወደቀ ዕቃ ሸጠ የሚባለው ነጋዴ፣ ገንዘብ አባከነ የሚባለው ሒሳብ ሹም፣ ሁሉም ፍርድ የሚያገኙት ከግምት ሳይሆን ከልኬት ነው። በአደራ የተሰጠንን ንብረት መርምሮ መጠበቅ፣ ወንድምንም ያለ ማስረጃ አለመጠርጠር፣ ሁለቱም የመጋቢነታችን ክፍል ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።