የጥም ልክ፦ ውሃ በሰውነታችን ውስጥ

ተፍኪ ከሰበታ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በላይኛው አዋሽ ሜዳ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ክረምት አዋሽ ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል። የጤፍ አጨዳና ውቂያ ግን የሚውለው በደረቁ በጋ ነው። በደረቅ አየር ላብ ልብስ ሳያርስ ስለሚተን፣ አውድማ ላይ የዋለ ሰው ያላበው ሳይመስለው ብዙ ውሃ ያጣል። ታዲያ ምን ያህል ይጠጣ? በቀን ስምንት ብርጭቆ የሚለው ምክር ገበሬውንም ወንበር ላይ የሚውለውንም በአንድ ቁና ይሰፍራል። የሰውነት አሠራር ግን ከብዛቱ ይልቅ የውሃንና የጨውን ሚዛን ማየት እንደሚሻል ያሳያል።

70 ኪሎ ከሚመዝን ወንድ 42 ሊትር ያህሉ ውሃ ነው፤ ሁለት ሦስተኛው በሴሎች ውስጥ፣ ቀሪው በሴሎች ዙሪያና በደም ውስጥ ይገኛል። ይህ ውሃ ምግብን ያጓጉዛል፣ ቆሻሻን ያስወግዳል፣ በላብ መልክ ሲተንም ሙቀት ይዞ ይወጣል። ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከደም አጣርተው 99 በመቶውን መልሰው ለደም ይሰጣሉ። ቁጥጥሩ የሚመራው በጨው ነው፤ በደም ውስጥ ያለው የጨው ክምችት ከ1 እስከ 2 በመቶ ከፍ ሲል አንጎል ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዝ ሆርሞን ያስለቅቃል፣ ጥምንም ይቀሰቅሳል። ለጤነኛ ጎልማሳ ከዚህ የተሻለ መለኪያ ማግኘት ከባድ ነው። የምንጠጣው ብቻ አይቆጠርም፤ ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። ቡና ውሃ ያደርቃል የሚባለውም ተጋንኗል፤ ለለመደው ሰው መጠነኛ ቡና ከሚሰጠው ውሃ በላይ አያስወጣም።

ጥም አይታመንም የሚሉ ወገኖች ግን ከፊል እውነት አላቸው። በአረጋውያን ዘንድ ጥም ይደክማል፤ ስለዚህ ሳይጠይቁ ውሃ ሊቀርብላቸው ይገባል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃንም ሆነ ቀኑን ሙሉ ያላበው ሠራተኛ ከውሃው ጋር ጨው አጥቷል፤ ባዶ ውሃ ብቻ መጨመር በደም ውስጥ የቀረውን ጨው ያቀጥነዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች በ13 በመቶው ደም ውስጥ ጨው ከልክ በታች ወርዶ የተገኘ ሲሆን፣ ዋናው ምክንያት ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር። ተቅማጥ ለያዘው በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው የስኳርና የጨው ድብልቅ፣ የኦአርኤስ ጥበብም በዚሁ ሚዛን ላይ ያርፋል፤ በትንሹ አንጀት ስኳርና ጨው በአንድ በር አብረው ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ፓኬቱ ሲታጣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል።

እንግዲህ ጤነኛው ሲጠማው ይጠጣ፤ ሽንቱ ከጠቆረ ይጨምር። አውድማ የሚውለው ውሃውን ጨው ካለው ምሳ ጋር ያዋድድ። ብርጭቆ መቁጠር ለዚህ ሁሉ ምትክ አይሆንም።