የመጀመሪያው ምላጭ፦ አባት ለልጁ ምን ይግዛለት?



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከንጽሕናችንም፣ ከጤናችንም፣ ከልጆቻችን አስተዳደግም ጋር የተያያዘ ነው። ይኸውም የምላጭ ጉዳይ ነው።

ነገሩ የተነሳው እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ጦር ኃይሎች አካባቢ ከዐስር ሰላት በኋላ አንድ አባት ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ወደ እኛ ቀረቡ። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር፤ ግን አፍራለሁ» አሉን። «ዲንን ለመጠየቅ አይታፈርም፤ ይናገሩ» አልናቸው። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጃቸው አንገቱ ላይ ሽፍታ ወጥቶበት ሲያዩት ምክንያቱን ይጠይቁታል። ለካ ልጁ እርሳቸው ቤት በሌሉበት ሰዓት በእርሳቸው ምላጭ እየተደበቀ ይላጭ ኖሯል። አባትዬው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ባደረጉት ምርመራ የጉበት ቫይረስ ቢ በደማቸው ውስጥ መኖሩ ተነግሯቸዋል። ለልጁ ግን አልነገሩትም። «እኔ ስለ በሽታዬ አፍሬ ዝም አልኩ፤ እርሱ ስለ ጺሙ አፍሮ ዝም አለ» አሉን።

ወዲያውኑ ልጁን ይዘው ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ መከርናቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ቫይረሱ አልተገኘበትም። የሕፃንነት የክትባት ካርዱ ስለጠፋ ሐኪሙ ክትባቱን እንዲጀምርና ከወራት በኋላ ተመልሶ እንዲመረመር አዘዘው። አባትዬው ሌሎች ቤተሰቦች ስሕተታቸውን እንዳይደግሙ ስማቸው ሳይጠቀስ ታሪኩን እንድንናገር ፈቅደውልናል። ከዚያም «አሁን ለልጄ የራሱን መላጫ ልገዛለት ነው፤ የትኛውን ልግዛ?» ብለው ጠየቁን። የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

በዚህ አጋጣሚ እኛም የራሳችንን እንናገር። በደረሳነታችን ዘመን ሰባት ሆነን በአንድ ጎጆ እናድር ነበር። ለጁሙዓ ራሳችንን ስንላጭ አንዲት ምላጭ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ራስ ትዞራለች። ስትደነዝዝ በብርጭቆ ውስጠኛ ገጽ ላይ እናፋጫትና እንደገና እንጀምራለን። ያንን እንደ ወንድማማችነት እንጂ እንደ ጥፋት አናየውም ነበር። የጠበቀን አላህ ነው። ዛሬ ግን እያወቅን ዝም ብንል ተጠያቂዎች እንሆናለን።

ምላጭና ዲናችን

በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው የአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከፊጥራ የሚቆጠሩ አምስት ነገሮችን ጠቅሰዋል። እነርሱም ግርዛት፣ የሃፍረተ ገላን ፀጉር ማስወገድ፣ የከንፈር ላይ ጺምን ማሳጠር፣ ጥፍርን መቁረጥና የብብትን ፀጉር መንጨት ናቸው። ሁለተኛው በዐረብኛ «ኢስቲሕዳድ» ይባላል። ቃሉ የተወሰደው «ሐዲድ» ማለትም ብረት ከሚለው ሲሆን፣ ትርጉሙም በስለት መጠቀም ማለት ነው። አነስ (ረ.ዐ) በሙስሊም ዘገባ እንዳስተላለፉት ይህን ሁሉ ከአርባ ሌሊት በላይ ማቆየት አይገባም። ብብትን መንጨት ለሚያመው ሰው መላጨት ይበቃዋል፤ ኢማም አሻፊዒይም (ረ.ሐ) ሱናው መንጨት መሆኑን እያወቁ ሕመሙን ስለማይችሉት ብብታቸውን ያስላጩ እንደነበር ተዘግቧል። ስለዚህ አንድ ወጣት ለአቅመ አዳም ሲደርስ፣ ጺሙን ቢያሳድግ እንኳ፣ ምላጭ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ጺምን መላጨትን በተመለከተ አብዛኞቹ ዑለማዎች ሐራም ነው ሲሉ፣ ከሻፊዒይ መዝሀብ የኋለኞቹ ሊቃውንት ብዙዎቹ የተጠላ ነው ብለዋል። ከጉሮሮ በታች አንገት ላይ የሚበቅለውን ፀጉር ግን ብዙዎች ከጺም አይቆጥሩትም። ይህ ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

የመላጫ ዓይነቶች

እንዳንምታታ በዚህ ንግግር ምላጭ የምንለው ስለቱን ነው። መላጫ የምንለው ደግሞ ስለቱን የሚይዘውን ባለ እጄታ ዕቃ ነው። በገበያ ላይ የሚገኙትን በአራት ልንከፍላቸው እንችላለን።

አንደኛው የጥንቱ ተጣጣፊ መላጫ ነው። ስለቱና አካሉ አንድ ሲሆን በድንጋይ መሳልና በቆዳ መወልወል ይፈልጋል። ለጀማሪ አይሆንም።

ሁለተኛው ፀጉር አስተካካዮች የሚጠቀሙበት፣ ለሁለት የተሰበረ ምላጭ የሚገባበት መያዣ ነው። ስለቱ ያለ ምንም መከላከያ ስለሚወጣ የሰለጠነ እጅ ይጠይቃል። ይህም ለጀማሪ አይመከርም።

ሦስተኛው ባለ ሁለት አፍ ምላጭ የሚገባበት መላጫ ነው። ምላጩ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ብረቶች መካከል ተጣብቆ ይያዛል፤ ከስለቱ ፊት ያለው ጠርዝ ቆዳውን ይጠብቃል። ለገበያ ያቀረበው ኪንግ ካምፕ ጅሌት የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. መሸጥ ሲጀምር በዓመቱ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ወታደሮች ከታደለ በኋላ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ።

አራተኛው ሁለት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ስለት በአንድ ራስ ላይ የተደረደረበት፣ ወይም ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ መላጫ ነው። አያያዙ ቀላል ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ሳብ ሲያደርገው ተከታዩ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። ፀጉራችን እንደ አብዛኛው የሀገራችን ሰው ጥቅልል ከሆነ የተቆረጠው ጫፍ ሲያድግ ተመልሶ ወደ ቆዳ ውስጥ ይገባል። የብዙ ወጣቶች አንገት በጥቃቅን እብጠት የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

ለጥቅልል ፀጉር በቆዳው ልክ የሚቆርጥ አንድ ስለት ይሻላል። በመሆኑም ለአባትዬው ሦስተኛውን መርጠንላቸዋል። ሌላም ጥቅም አለው። እጄታው አንዴ ከተገዛ ዓመታት ያገለግላል። ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ደግሞ መጠኑ በዓለም ሁሉ አንድ ስለሆነ የአንዱ ፋብሪካ ምላጭ ለሌላው መላጫ ይገጥማል። በየሰፈሩ ሱቅ ስለሚገኝና ዋጋውም ርካሽ ስለሆነ፣ ሰው ስለት ለመቆጠብ ብሎ ከሌላው እንዲዋስ ምክንያት አይሆነውም።

ሲገዙ ምን ይታይ?

1. ጠርዙን ይመልከቱ። አንዳንዱ መላጫ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ የተጥረገረገ ጥርስ አለው፤ አንዳንዱ ድፍን ነው። ለጀማሪ ድፍኑ ይሻላል፤ ቆዳን በይበልጥ ይጠብቃል።

2. ስለቱ ምን ያህል እንደሚወጣ ይታይ። ምላጭ አስገብተው ከጎን ሲያዩት ስለቱ ከጠርዙ በጥቂቱ ብቻ ብቅ ማለት አለበት። በሁለቱም ወገን እኩል ካልሆነ ያ መላጫ በደንብ አልተሠራምና ይተውት።

3. አሠራሩን ይለዩ። ሦስት ቦታ የሚፈታው ለማጠብ ቀላል ነው፤ የሚበላሽ ነገርም የለውም። እጄታውን ሲያዞሩት እንደ በር የሚከፈተው ደግሞ ምላጭ ለመቀየር ይመቻል፤ ነገር ግን መጋጠሚያው ሳሙናና ዝገት ይይዛል።

4. ክብደቱን ይመዝኑ። ከነሐስ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራው በራሱ ክብደት ስለሚቆርጥ እጅ እንዲጫን አያደርግም። በጣም ቀላሉ ሰውን መጫን ያስለምዳል፤ የሚቆርጠን ደግሞ መጫናችን ነው። ከርካሽ ቅይጥ የተሠራው ሲወድቅ ጠመዝማዛው ላይ ሊሰበር ይችላል።

5. ምላጩን በትንሹ ይግዙ። አንዱ ፋብሪካ ለአንዱ ቆዳ ሲስማማ ለሌላው አይስማማም። መጀመሪያ ከሁለት ሦስት ዓይነት አንዳንድ ፓኮ ወስዶ መሞከር ነው።

የብሩሹን ነገር አንርሳ። ሳሙና ለማረፋት የሚሸጡ ብሩሾች ብዙዎቹ ከእንስሳ ፀጉር የተሠሩ ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ የአሳማ ፀጉር ይገኝበታል። በላዩ ላይ «ቦር» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ከተጻፈበት የአሳማ ነው። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት የአሳማ ፀጉር ነጃሳ ነው ሲሉ የማሊኪ መዝሀብ ግን ንጹሕ ነው ይላል። ከዚህ ክርክር መውጣት ቀላል ነው። ከፈረስ ፀጉር ወይም ከፕላስቲክ ክር የተሠራው አለ፤ ካልተገኘም በእጅ ማረፋት ይበቃል።

አጠቃቀሙ

ፊትን በሞቀ ውሃ ለሁለትና ሦስት ደቂቃ ማራስ ግማሹ ሥራ ነው። ፀጉር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል። ከዚያም ሳሙናውን በደንብ አርፍቶ መቀባት ነው። የመላጫውን ራስ ቆዳው ላይ ያሳርፉና ስለቱ ፀጉሩን መንካት እስኪጀምር ድረስ እጄታውን ቀስ እያደረጉ ወደ ታች ያውርዱ። ይህ ማዕዘን ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ሳይጫኑ፣ በአጭር በአጭሩ፣ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ ይሂዱ። ጀማሪ አንድ ዙር ይበቃዋል። ፀጉሩን ተቃራኒ ሄዶ እንደ ሕፃን ጉንጭ ላለስልስ የሚል ሰው ሽፍታውን በገዛ እጁ ይጠራል። በመጨረሻም በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ነው።

ብዙ ወጣቶች የሚጠይቁንን እናክል። መላጨት ውዱእን አያበላሽም። ቆርጦን ደም ቢወጣ በሻፊዒይ መዝሀብ ውዱእ አይፈርስም፤ በሐነፊይ መዝሀብ ግን ደሙ ከወጣበት ቦታ ከፈሰሰ ይፈርሳል። ስለዚህ ለጁሙዓ የሚዘጋጅ ሰው አስቀድሞ ቢላጭ ከጭንቀት ይድናል።

የማይጣሱ ሦስት ደንቦች

የመጀመሪያው፣ ምላጭ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም ቢሆኑም አይዋዋሱበትም። ስለ ኤች አይ ቪ ብዙ ተነግሯል፤ በሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች ከታወቁበት እ.ኤ.አ. ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ የሚለውን ያልሰማ የለም። የጉበት ቫይረስ ቢ ግን ከዚያ ይልቅ በቀላሉ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። ዓይን የማያየው የደም ነጥብ ይበቃዋል። በአልኮል ማበስ ወይም በክብሪት ለበልብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም። በሽታው ክትባት አለው፤ በሀገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። ቫይረሱ ያለበት ሰው ቤተሰቡን ያስመርምር። በሽታው ነውር አይደለም፤ ነውሩ እያወቁ መደበቅ ነው። ፀጉር ቤት ስንሄድም አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ ፊታችን እንዲከፈት እንጠይቅ። ይህ መብታችን ነው።

ሁለተኛው፣ ምላጭ ሲጎትት ወይም ሲያቃጥል ይቀየር። አንድ ምላጭ እንደ ፀጉሩ ጥንካሬ ለሦስት፣ ለአራት ጊዜ ያገለግላል። ለፊትና ለሌላው አካል አንዱን አንጠቀም።

ሦስተኛው፣ አሮጌ ምላጭ ሜዳ ላይ ወይም ቆሻሻ ጆንያ ውስጥ ዝም ብሎ አይጣልም። በየቤቱ እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወጣቶች በእጃቸው ነው የሚያነሱት። አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ለይተን እንጠራቅምበት፤ ሲሞላ ከድነንና አጥብቀን አስረን ምላጭ መሆኑን ነግረን እንስጣቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቸጋሪን ነገር ከመንገድ ማንሳትን ከኢማን ቅርንጫፎች ቆጥረውታል። እኛ ራሳችን አስቸጋሪውን የምንጥል ከሆንን ምን መልስ ይኖረናል?

ለሑጃጆችም አንድ ቃል አለን። በሐጅና በዑምራ ራሳችሁን የምትላጩ ወንድሞች፣ መላጫችሁንና ምላጫችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ምላጭ ከእጅ ሻንጣ ጋር ወደ አውሮፕላን አይገባምና በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አኑሩት። ሚና ላይ ሰው ሲበዛና ሁሉም ሲቸኩል ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ራስ የሚዞር ምላጭ አትቀበሉ።

አሁን ወደ አባትዬው እንመለስ። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡና መላጫውን፣ ሁለት ፓኮ ምላጭና አንድ ብሩሽ ገዝተው ለልጃቸው እንደሰጡት ነገሩን። ከመስታወቱ ፊት አብረው ቆመው አያያዙን አሳዩት። ስለ ጉበታቸውም ያን ቀን ነገሩት። «ስንት ዓመት አብረን ኖረን እንደዚያ ቀን አውርተን አናውቅም» አሉን።

ውድ አባቶች፣ ልጆቻችን ሰላትን ከእኛ እንዲማሩ የምንፈልገውን ያህል የሰውነት ንጽሕናንም ከእኛ ይማሩ። እኛ ካላስተማርናቸው ተደብቀው ይማሩታል፤ ተደብቆ የተማረ ደግሞ ሲጎዳም ተደብቆ ነው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙብንን ያሽርልን፤ የሰማነውን ከሚሠሩበት ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።