የመነኮሰችው ድመት፦ ከተረትና ምሳሌ እስከ ጨርጨሩ ገዥ ተውኔት

በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ድመት ብዙውን ጊዜ የምትቆመው በቤት እንስሳ ሳይሆን በባለሥልጣን ወይም በባለአደራ ቦታ ነው። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ለዚህ ዋና ማሳያ ነው። «መንኩሳ» እና «አትረሳ» ቤት መምታታቸው አባባሉን ለጆሮ ያስማማዋል፤ ሥጋን እርም ያለ መነኩሴና ያለ ሥጋ የማትኖር እንስሳ በአንድ ቆብ ሥር መግባታቸው ደግሞ ሳቁን ያመጣል። የሚነገረው ልብሱ ተለውጦ ልማዱ ባልተለወጠ ሰው ላይ ነው።

ሐሳቡ በገዳም አካባቢ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ኢብን አል ሙቀፋዕ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመካከለኛ ፋርስኛ ወደ ዐረብኛ በመለሰው «ከሊላ ወዲምና» ውስጥ ጿሚና ሰጋጅ ነኝ የምትል ድመት አለች። ጥንቸልና ወፍ በመኖሪያ ተጣልተው ዳኝነት ሲጠይቋት፣ ጆሮዋ እንደ ከበደ ነግራ ታስጠጋቸውና ሁለቱንም ትበላለች። መጽሐፉ በ1552 እ.ኤ.አ. በአንቶን ፍራንቼስኮ ዶኒ አማካይነት ለጣልያንኛ አንባቢ ደረሰ፤ በ1678 እ.ኤ.አ. የታተመው የላ ፎንቴን ዳኛ ድመትም የዚሁ ዘር ነው። ምዕራብ ሐረርጌ፣ ድመት በአፋን ኦሮሞ «አዱሬ»፣ በሶማልኛ «ሙኩላል» ወይም «ቢሳድ» የምትባልበት አካባቢ፣ የመነኮሰችውና የሰገደችው ድመት በአንድ ገበያ ሊገናኙ የሚችሉበት ነው።

ፍርዱ ግን ከአገር አገር ይለያያል። በታወቀው የጣልያንኛ ምሳሌ ወደ ጮማው የምትመላለስ ድመት በመጨረሻ መዳፏን እዚያው ትታ ትቀራለች፤ ቅጣቱ በሌባዋ ላይ ያርፋል። በአማርኛው «አይጥ ሞቷን ስትሻ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ይባላል። ጥፋተኛዋ የቀረበችው ናት፤ ድመቷ ትጠየቃለች የሚል ተስፋ የለም።

የጨርጨር ገዥ ሆነው ዐሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ ያቋቋሙት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይህን መሰሉን ቀልድ ወደ መድረክ አወጡት። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የላ ፎንቴንን ተረቶች መሠረት አድርጎ በእንስሳት አፍ የዘመኑን ሹማምንት ይነቅፋል። ንግሥት ዘውዲቱ ቀልዱን በቀልድ አልተቀበሉትም። ተውኔት ታገደ፤ እገዳውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እስከ ነገሡበት እስከ 1923 ዓ.ም. ቆየ። ምሳሌውን ግን የከለከለው አልነበረም። የምሳሌ ተናጋሪ ቢጠየቅ «አባቶች ናቸው ያሉት» ብሎ ይወጣል፤ ተውኔት ደራሲ፣ አዳራሽና የተጠራ ተመልካች አለው።

ተረትና ምሳሌ በፊደል ተራ ብቻ ሲሰበሰብ የሚጠፋው ይኸው ነው፦ ማን፣ ለማን፣ በየትኛው ሹም ፊት እንደ ተናገረው። በጭሮ፣ በሂርናና በሚኤሶ የሚደረግ ማሰባሰብ ከቃሉ ጋር አጋጣሚውን ካልመዘገበ፣ ሦስቱ ቋንቋዎች «ድመት» ሲሉ ማንን እንደሚሉ ሳይታወቅ ይቀራል።