በሱቅም በኪራይ ሰርቨርም ሳይለወጥ ስለሚሠራ ፕሮግራም

ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚላክ ኮንቴይነር በባቡርም ሆነ በካሚዮን ቢጫን ውስጡ ያለው ዕቃ አይነካም፤ ተሸካሚው ይለወጣል እንጂ ሣጥኑ አይለወጥም። «አይዲያል ኤክስ» የተባለችው መርከብ በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር 58 ሣጥኖች ጭና ያሳየችው ይህ አሠራር፣ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ተስማምቶ ዶከር በሚባለው መሣሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረበ።

ለአንድ የቦሌ አስመጪ የተሠራ የዕቃ መቈጣጠሪያ ፕሮግራም በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ ደኅና ሠርቶ በመደብሩ ሰርቨር ላይ እንቢ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ የሚደገፍባቸው ረዳት ፕሮግራሞች ዕትም ስለሚለያይ ነው። ከነረዳቶቹ በአንድ ኮንቴይነር ከታሸገ ግን፣ የማሽኖቹ ፕሮሰሰር ዓይነት አንድ እስከ ሆነ ድረስ፣ በመደብሩም ሆነ በአይ ሲ ቲ ፓርክ እንደሚገኙት እንደ ራክሲዮና እንደ ዊንጉ አፍሪካ ባሉ ዳታ ሴንተሮች በሚቀመጥ ሰርቨር፣ ወይም በውጭ አገር ክላውድ ላይ ያው ሆኖ ይሠራል። ኮንቴይነሮቹ ሲበዙ ኩበርኔቲስ የተባለው ፕሮግራም እንደ ወደብ ሹም ያሰማራቸዋል፤ ለአንድ ሱቅ ግን ይህ ከመጠን ያለፈ ነው።

ነጋዴው አጥብቆ ሊያስብበት የሚገባው የሒሳብ መዝገቡን ነው። ኮንቴይነሩ በአዲስ ሲተካ በውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠፋልና፣ መዝገቡ ከኮንቴይነሩ ውጭ በተለየ ማከማቻ ይቀመጥ፤ ቅጂውም በየዕለቱ በሌላ ስፍራ ይያዝ። ሻጩም «የመጨረሻው ዕትም» ብሎ ብቻ እንዳያስረክብ፣ የዕትሙ ቍጥር በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ አለዚያ በሱቁና በዳታ ሴንተሩ የሚሠሩት ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች መሆናቸው የሚታወቀው ሒሳቡ ከተዛባ በኋላ ነው።